«ባክሆል» የሚባሉት ሁለት ሞክሼዎች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው እትማችሁ የኢኮኖሚ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ወጥተው ነበር። አንዱ ስለ ሞባይል ኔትወርክ፣ ሌላው በቧንቧ ስለሚጓጓዝ የተፈጥሮ ጋዝ ያትታል። በሁለቱም ውስጥ «የኋላ ጭነት አቅም» የሚል ሐረግ አለ፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች «ባክሆል» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ የመለሱት በዚሁ ነው። አንባቢ ስለ አንድ ነገር የተነገረው ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሮቹ ግን ሞክሼዎች ናቸው እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

ይህን የምጽፈው ጸሐፊዎቹን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ፤ ያውም በጋዜጣ ሳይሆን በውል ላይ።

የውል ሰነዶችን መተርጎም ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዬ በሙሉ ለማለት ይቻላል ቴሌኮም ነበር፤ የማማ ኪራይ፣ የፋይበር ዝርጋታ፣ የመሣሪያ ግዢ። ጠርዙ ያለቀ የቃላት ደብተር አለኝ። «በ» ላይ ሲከፈት «ባክሆል፦ የአንቴና ጣቢያን ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ መስመር» ይላል፤ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት በጣም እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። አንድ ቀን 84 ገጽ የጋዝ ማጓጓዣ ውል መጣልኝ። በትርጓሜው አንቀጽ ውስጥ ያንኑ ቃል ሳገኝ በባዕድ ከተማ የማውቀው ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። «የጋዝ ማስረከቢያ ነጥብን ከዋናው ቧንቧ ጋር የሚያገናኝ መስመር አቅም» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የአንደኛው ወገን ጠበቃ ደወለ።

«ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። አንቀጽ 1 ላይ ያለውን መስመር የሚገነባው ማን ነው?»

«የትኛውን መስመር?»

«እርስዎ የጻፉትን።»

በዋናው ውል ውስጥ የሚገነባ መስመር አልነበረም። በብዕሬ ቧንቧ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ደንበኛው ደግሞ ለዚያ ቧንቧ በጀት መያዝ ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ውሉን ይዤ ዕድሜያቸውን በጋዝ ቧንቧ ላይ ወደፈጁ አንድ አዛውንት መሐንዲስ ዘንድ ሄድኩ። የመጨረሻውን ገጽ ገልብጠው በእርሳስ አንድ ረጅም መስመር አሰመሩ፤ ግራው ጫፍ ላይ «ሀ»፣ ቀኙ ላይ «ለ»፣ መካከሉ ላይ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት።

«ጋዙ ከሀ ወደ ለ ይፈሳል፤ ሌት ተቀን። ከለ ወደ ሀ የሚመለስ አንዲት ትንፋሽ ጋዝ የለችም» አሉኝ።

«ታዲያ ባክሆሉ የቱ ጋ ነው ጋሼ?»

ከቀስቱ በላይ 100 ብለው ጻፉ። «አንዱ ደንበኛ ሀ ላይ 100 አስገብቶ ለ ላይ ሊረከብ ተዋውሏል። ሌላው ደንበኛ ደግሞ ለ ላይ 25 አለው፤ የሚፈልገው ግን ሀ ላይ ነው። እኔ ምን አደርጋለሁ? ሀ ላይ ከገባው 100 ውስጥ 25ቱን እዚያው ሀ ላይ ለሁለተኛው አስረክባለሁ። ሁለተኛው ለ ላይ ያስገባውን 25 ደግሞ እዚያው ለ ላይ ለመጀመሪያው እሰጣለሁ። የመጀመሪያው 100 ደረሰው፣ ሁለተኛው 25 ደረሰው። በቧንቧው ያለፈው ስንት ነው ልጄ?»

«75።»

«ባክሆል ማለት ይህ ነው።»

«ይህማ ሐዋላ ነው» አልኳቸው። እርሳሳቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

እውነትም ሐዋላ ነው። ገንዘብ ሲላክ ኖቱ አይጓዝም፤ ተቀባዩ የሚቆጥረው ኖት ላኪው ያስረከበውን አይደለም። እዚህ ገቢ ይደረጋል፣ እዚያ ካለው ይከፈላል። ከፋዩ ዘንድ ገንዘብ ከሌለ ግን ደረሰኙ ምንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የጋዙም ነገር እንደዚያው ነው። ወደፊት የሚፈሰው መጠን ከ100 ወደ 40 ቢወርድ የሁለተኛው 25 አይነካም፤ በቧንቧው 15 ያልፋል። ወደ 20 ቢወርድ ግን ሀ ላይ የሚገኘው 20 ብቻ ስለሆነ ከ25ቱ አምስቱ ይቆረጣል። ዜሮ ቢሆን ሐዋላውም ዜሮ ነው። የቧንቧው ስፋት፣ ጋዙን የሚገፋው ማሽን (ኮምፕሬሰሩ) ጉልበት፣ የብረቱ ውፍረት እዚህ ላይ ምንም አያድኑም። ይህ አቅም የሚኖረው ሌላ ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ እስካስጫነ ድረስ ነው።

በጋዝ ውሎች ውስጥ የባክሆል አቅም በአብዛኛው «ሊቋረጥ የሚችል» ተብሎ የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ አጓጓዡ ንፉግ ሆኖ አይደለም። በብዙ ቧንቧዎች ላይ ዋጋው የሚቀንሰውና የኮምፕሬሰር ነዳጅ ድርሻ የማይጠየቅበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል፦ ባክሆል በቧንቧው ላይ ሥራ አይጨምርም፣ እንዲያውም ያቀልለታል። መሐንዲሱ «ነዳጅ እየቆጠበልኝ ገንዘብ የሚከፍለኝ ደንበኛ እርሱ ብቻ ነው» ብለውኛል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ፤ እናንተም ስታችሁታል። ጽሑፋችሁ ባክሆልን «ጋዙ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲፈስ» ይለዋል። አይደለም። ጋዝ በእውነት አቅጣጫ እንዲቀይር ኮምፕሬሰሩ በሌላ ወገን መግፋት፣ ቫልቮቹ መስተካከል፣ መለኪያው በሁለቱም አቅጣጫ መቁጠር መቻል አለበት። ይህ የተገላቢጦሽ ፍሰት ነው፤ ገንዘብም ግንባታም ይጠይቃል። ከኔዘርላንድ ባልግዛንድ ተነስቶ በሰሜን ባሕር ሥር ወደ እንግሊዝ ባክተን የሚሄደው ቢቢኤል የተባለው ቧንቧ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ጋዝ የሚያሻግረው ወደ እንግሊዝ ብቻ ነበር። ለዓመታት ከእንግሊዝ ወደ ኔዘርላንድ «የሚላከው» ጋዝ በዚያው በሐዋላው መንገድ የሚሸጥ ነበር፤ ጋዝ በእውነት ወደ ኔዘርላንድ መፍሰስ የቻለው በ2019 ነው። ባክተንን ከቤልጅየም ዘይብሩጅ ጋር የሚያገናኘው ጎረቤቱ ኢንተርኮኔክተር ግን በ1998 ሲከፈት ጀምሮ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ሁለቱ ቧንቧዎች ባክተን ላይ ይገናኛሉ፤ በአንደኛው ውል «ወደ ምሥራቅ ማጓጓዝ» የወረቀት ነገር በነበረበት ዘመን በሌላኛው የብረት ነገር ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ልዩነት በችግር ነው የተማረው። በጃንዋሪ 2009 እ.ኤ.አ. በዩክሬን በኩል የሚያልፈው የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ በቧንቧው ጫፍ ያሉ አገሮች በብርዱ ወቅት እምብርት ተጎዱ። ምዕራቡ ጋዝ ነበረው፤ ብዙዎቹ ቧንቧዎች ግን የተሠሩት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለማፍሰስ ብቻ ነበር። ወደፊት የሚፈስ በሌለበት ደግሞ ሐዋላ የለም። በ2010 የወጣው ቁጥር 994 ደንብ አገር አቋራጭ ቧንቧዎች፣ በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደላቸው በቀር፣ እስከ ዲሴምበር 3 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በሁለቱም አቅጣጫ በእውነት ማፍሰስ እንዲችሉ አዘዘ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሠሩ የድንበር ነጥቦች ላይ ደግሞ አጓጓዦች ቢያንስ የአንድ ቀን ሊቋረጥ የሚችል የባክሆል አቅም ለገበያ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሌላ ደንብ አለ። ሁለቱን ደንቦች የጻፉት ሰዎች ሞክሼዎቹን እንዳላምታቱ ልብ በሉልኝ።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳይ ግን ይሄ ነው። ብዙ ውሎች ባክሆልን «ከፍሰቱ አቅጣጫ በተቃራኒ የሚደረግ ማጓጓዝ» ብለው ይተረጉማሉ። የቱ ፍሰት? ውሉ የተፈረመ ቀን የነበረው? ወይስ ጋዙ የሚላክበት ቀን ያለው? አሜሪካ ውስጥ ሮኪስ ኤክስፕረስ የሚባል 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ አለ። በ2009 ሲጠናቀቅ ሥራው ከሮኪ ተራሮች አካባቢ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ምሥራቅ፣ እስከ ኦሃዮ ድረስ ማድረስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በምሥራቅ፣ ማርሴለስና ዩቲካ በተባሉት የሼል አለቶች ውስጥ ያለው ጋዝ በብዛት መውጣት ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቧንቧው ምሥራቃዊ ክፍል ወደ ምዕራብ ማፍሰስ ያዘ። ትናንት ባክሆል የነበረው ዛሬ ወደፊት የሚሄደው ሆነ። በትርጓሜው ውስጥ «ውሉ በተፈረመበት ቀን» ወይም «በዕለቱ» የሚሉት ጥቂት ቃላት አለመኖራቸው ተዋዋዮችን ለምን ያህል ክርክር እንደሚዳርግ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያሻም።

አሁን ወደ ሌላው ሞክሼ።

የቴሌኮሙ ባክሆል የሚዳሰስ ነገር ነው። ከማማው ሥር የሚወጣ ፋይበር ነው፣ ወይም ማማው ላይ የተሰቀለችው ክብ የማይክሮዌቭ ሳህን፣ ወይም ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ሳተላይት። ስልካችሁ ኔትወርክ ሙሉ ነው እያለ ገጽ አልከፍት የሚልበት ጊዜ አለ። ከስልኩ እስከ ማማው ያለው ደህና ሆኖ ከማማው ወዲያ ያለው ጠቦ ከሆነ የሚታየው እንዲህ ነው። በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ዘመን ለብዙ ጣቢያ አንድ ኢ-ዋን፣ ማለትም በሰከንድ 2.048 ሜጋ ቢት የሚያልፍበት መስመር ይበቃው ነበር። ዛሬ አንድ ስልክ ብቻውን ከዚያ በላይ ይወስዳል።

እዚህ ቧንቧው አለ ወይ የሚል ጥያቄ አይነሳም፤ ጠቡ ስለ ልኩ ነው። አንድ ጣቢያ ሦስት አቅጣጫ አለው እንበል፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ ሲበዛ በሰከንድ 150 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል፣ በተጨናነቀው ሰዓት አማካዩ ግን 30 ነው። ለዚህ ጣቢያ የሚያስፈልገው የባክሆል አቅም ስንት ነው? ሦስቱን ጫፎች፣ ማለትም ከፍተኛ መጠኖቹን፣ የደመረ 450 ይላል። አማካዮቹን የደመረ 90 ይላል። ኔትወርክ የሚያቅዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የአንዱን አቅጣጫ ጫፍ ከአማካዮቹ ድምር ጋር አስተያይተው የሚበልጠውን ይወስዳሉ፤ 150 ይላሉ ማለት ነው። ሦስቱም ሰዎች ሒሳብ ያውቃሉ። ውሉ «ለጣቢያው የሚበቃ የባክሆል አቅም» ብቻ ካለ ሦስቱም ትክክል ናቸው።

ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላም አያልቅም። በኢተርኔት መስመር ላይ ትንሹ የመረጃ እሽግ 64 ባይት ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ግን መስመሩን ለብቻው የሚይዝ 20 ባይት ቦታ ይወስዳል። እሽጎቹ ሁሉ ትንንሽ ቢሆኑ፣ በሰከንድ አንድ ጊጋ ቢት (1,000 ሜጋ ቢት) የተባለው መስመር ላይ እሽጎቹን ብቻ የቆጠረ ሰው የሚያገኘው 762 ሜጋ ቢት ነው። ትልልቆቹን፣ ባለ 1,518 ባይቶቹን ቢልክ 987 ያገኛል። መስመሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምንቆጥረው ነገር ነው። ሻጭ በሽቦው ላይ ያለውን ይቆጥራል፣ ገዢ የደረሰውን ይቆጥራል፣ ዳኛው ደግሞ መሐል ቁጭ ብሎ እኔ የተረጎምኩትን ያነባል።

ዝናብ በማይክሮዌቭ መስመር ላይ የሚያደርገውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ውል ላይ «እስከ 400 ሜጋ ቢት በሰከንድ» የሚል የማይክሮዌቭ መስመር ነበር። ርክክቡ የተፈተነው ሰማዩ በጠራ ሌሊት ነው፤ 400ው ሞልቶ ተገኘ፣ ተፈረመ። ክረምቱ ሲገባ ከሰዓት በኋላ እየተለካ ወደ 100 መውረድ ጀመረ። መሣሪያው አልተበላሸም። ዝናብ ሲበረታ መስመሩ እንዳይቋረጥ የማስተላለፊያ ዘዴውን ወደ ቀርፋፋውና ጠንካራው እየቀየረ፣ የተሠራለትን እያደረገ ነበር፤ በተለይ ከ71 እስከ 76 እና ከ81 እስከ 86 ጊጋኸርዝ ባለው ከፍተኛ ሞገድ ላይ ዝናብ ብርቱ ጠላት ነው። ውሉ በዓመት 99.99 በመቶ አገልግሎት እንዲኖር ይጠይቃል፤ በዓመት 53 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይጠፋል ማለት ነው። አቅራቢው «መስመሩ መቼ ጠፋ?» አለ። ገዢው «አቅሙ የት አለ?» አለ። ሁለቱም ያነበቡት እኔ የተረጎምኩትን ያንኑ አንቀጽ ነው። «እስከ» የምትለዋ ሦስት ፊደል ያለፈችው በእጄ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳያት እቆማለሁ።

የባሕር ሥር ገመድ ላይም ባክሆል የሚባል አለ፤ ገመዱ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚወጣበት ጣቢያ እስከ ከተማው የኔትወርክ ማዕከል ያለው የየብስ መስመር ነው። ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ አቅም በዚህች አጭር መስመር ባለቤት ፈቃድና ዋጋ ሲታነቅ ታይቷል። የሕንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 የገመድ ማረፊያ ጣቢያዎችን ለሌሎች ስለመክፈት ደንብ ያወጣው በከንቱ አልነበረም።

እንግዲህ የአንዱን ትርጓሜ ለሌላው ያዋሰ ምን እንደሚገጥመው እዩት። በጋዝ ውል ውስጥ ከቴሌኮም የተቀዳ «ባክሆሉ ከዓመቱ 99.9 በመቶ ይገኛል» የሚል አንቀጽ ቢገባ፣ አጓጓዡ በማያዘው ነገር፣ ማለትም ሌላ ደንበኛ ነገ በሚያስጭነው ጋዝ፣ ዋስ ሆኖ ፈረመ ማለት ነው። በቴሌኮም ውል ውስጥ ደግሞ ከጋዝ የተቀዳ «ሊቋረጥ የሚችል አቅም» የሚል ቢገባ፣ አቅራቢው ባሻው ሰዓት ቢያቋርጥ የሚጠየቅበት የለም፤ ማማው ከነአንቴናው ቆሞ የሚቀር ብረት ነው። ሁለተኛውን ረቂቅ አግኝቼው አውቃለሁ። ያረቀቀው ሰው ጎበዝ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሠራው የጋዝ ኩባንያ ውስጥ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

ለቴሌኮሙ «መጋቢ መስመር» ብትሉት ደስ ይለኛል፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባክሆል ስለሚሉት ቃሉን እንዳለ ብትተዉትም አልከፋም። የትርጓሜ አንቀጹ ግን ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ፣ ዝናብ ሲጥልም ስንት እንደሆነ ይናገር። ለጋዙ «የልውውጥ ማጓጓዝ» የሚለውን አቀርባለሁ፤ «የጋዝ ሐዋላ» ብዬ ነበር፣ ጠበቃው «ዳኛ ፊት ባንክ ያስመስለዋል» ብሎ ከለከለኝ። እዚያ ደግሞ የቱ ቀን ፍሰት እንደሚታይ፣ ወደፊት የሚሄደው ሲያንስ ቅነሳው ለባለመብቶቹ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አንድ ቀን ቧንቧው በእውነት አቅጣጫ ቢቀይር ውሉ ምን እንደሚሆን ይጻፍ።

ደብተሬ ላይ የድሮውን ሁለት መስመር ሰርዤ ገጹን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። «የኋላ ጭነት» የሚለውን ከሁለቱም ወገን አልጻፍኩትም። ቃሉ የመጣው ከከባድ መኪና ሥራ ነውና ለሾፌሮቹ ይሁን እንዳልል፣ ዕቃ አራግፎ ባዶውን ላለመመለስ የጫነ ሾፌር እንኳ የሚለው «የመልስ ጭነት» ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የውል ሰነዶች ተርጓሚ